መጠበቅን የሚማር ውሻ

የሚኒሶታ የዳክዬ አደን የሚከፈተው መስቀል ሰሞን ነው። እኛ ሐበሾች ለደመራ ነጠላችንን ስናዘጋጅ፣ የሥራ ባልደረቦቻችን ጠመንጃቸውን ወልውለው፣ ጀልባቸውን ከመኪና ኋላ አስረው ወደ ምዕራብ ይነዳሉ። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሦስት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ትናንሽ ኩሬዎች የሞሉበት ሜዳ ይመጣል። ኩሬዎቹን የሠራቸው ጥንት ያንን አገር ሸፍኖት የነበረው የበረዶ ግግር ነው። በየዳሩ ፊላ በቅሏል። ከካናዳ የሚወርዱት ዳክዬዎች እዚያ ያርፋሉ፣ ይበላሉ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ።

እኔ ጠመንጃ አልይዝም። እዚያ የሚወስደኝ ውሻው ነው።

ስሙ ቃኘው ነው። ጥቁር ላብራዶር ሪትሪቨር የሚባል የአደን ውሻ ዘር ነው። ስሙን ያወጣሁለት በራስ መኮንን ፈረስ ነው፤ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም የተሰየመው በዚያው ፈረስ ነው። ሥራው ተመትቶ የወደቀን ወፍ ፈልጎ፣ ሳያኝክና ሳይጨፈልቅ በአፉ ይዞ ማምጣት ነው። የሚተኩሰው ጎረቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዳክዬ ሲያድን የኖረ ሽማግሌ ነው። እኔ ውሻውን እይዛለሁ፣ እልካለሁ፣ እቀበላለሁ። ጠመንጃ ባልይዝም የአደን ፈቃዱንም የዳክዬ አዳኝ የሚጠየቀውን ቴምብርም በየዓመቱ እገዛለሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለምን ለባለሙያ አትሰጠውም?» ይሉኛል። እዚህ አገር ውሻውን ለወራት ወስደው አሰልጥነው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። በወር ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ጎበዞቹ ጎበዝ ናቸው። ግን ከእነሱ ዘንድ የሚመለሰው የሰለጠነ ውሻ ነው፤ ባለቤቱ እንደነበረ ነው። ውሻው አንገቱን ሲያዞር ምን ማለቱ እንደሆነ አያውቅም። ፊሽካ መንፋት ያለበትና ዝም ማለት ያለበት የትኛው ሰዓት እንደሆነ አያውቅም። ይህ ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። ስለዚህ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጊዜ ካለህ፣ ራስህ አሰልጥነው።

ውሻው ለምን እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ ላስረዳ። የተመታ ወፍ ሁሉ አይሞትም። ክንፉ ተሰብሮ ውኃ ላይ የሚወድቅ ዳክዬ ይጠልቃል፣ በውኃው ሥር ይዋኛል፣ ፊላው ውስጥ ይደበቃል። ሰው በጀልባ ቢዞር አያገኘውም። ወፉም እዚያው ሲሰቃይ ይሞታል። የአሜሪካ ደንብ አዳኝ የመታውን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቀው ሕግ ራሱ በፈረንጆች 1918 የወጣ ነው። በ1934 የተጀመረ የዳክዬ ቴምብር የሚባልም አለ። ዕድሜው 16 የሞላው የዳክዬ አዳኝ ሁሉ መግዛት አለበት። ዋጋው ዛሬ 25 ዶላር ሲሆን ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ቦታዎችን ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። በቴምብሩ ላይ ሁልጊዜ ወፍ ነው የሚሳለው። በ1959 ግን ውሻ ወጣበት። ኪንግ በክ የሚባል ጥቁር ላብራዶር ነበር፤ በ1952 እና በ1953 የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነ። በአፉ ማላርድ ዳክዬ ይዟል። አጠገቡ ሪትሪቨር የአደን ሀብትን ከብክነት እንደሚያድን ተጽፏል። ጎረቤቴ ያንን ቴምብር በፍሬም አስገብቶ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ይህ ዘር ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። አያት ቅድመ አያቶቹ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠሩ ነበር። ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣ ያመጣሉ፣ ገመድና መረብ ይጎትታሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ። እዚያ መኳንንቱ ለወፍ አደን አራቧቸው። የማልምስበሪ መስፍን ቤትና የበክሉ መስፍን ቤት ዘሩን ጠብቀው አቆዩት። የውሻ ዘር የሚመዘግበው የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ በ1903፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1917 ላብራዶርን በዘር መዝገብ አስገቡት። ቃኘው ከላዩ ጸጉር ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለው፤ ውኃ ሲነካው ቆዳው ቶሎ አይረጥብም። ጅራቱ ወፍራም ነው፣ ሲዋኝ እንደ ጀልባ መሪ ይጠቀምበታል። በጣቶቹ መካከልም ቆዳ አለ።

እንግዲህ ማምጣትን እኔ አላስተማርኩትም። ይዞት ነው የተወለደው። እኔ ያስተማርኩት መጠበቅን ነው።

ቡችላ ሳለ የጀመርነው ኮሪደር ላይ ነው። የመኝታ ቤቶቹን በሮች ሁሉ እዘጋለሁ። መሬት ላይ ቁጭ እልና የተጠቀለለ ካልሲ እወረውራለሁ። ሮጦ ያነሳዋል። ያነሳውን ይዞ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም፤ ወደ እኔ ብቻ ነው መንገዱ። ሲመጣ ካልሲውን አልነጥቀውም። መጀመሪያ ደረቱን አሻሸዋለሁ፣ «ጎሽ! አንበሳ!» እለዋለሁ፣ ከዚያ በቀስታ እቀበለዋለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። ገና እየፈለገ ሳለ እንጨርሳለን። ልጆቼ «አንድ ጊዜ ብቻ ጨምርለት» ብለው ሲለምኑኝ እምቢ እላለሁ። ጠግቦ የተወው ጨዋታ ነገ አያጓጓውም። ከልጆቼ ጋር ገመድ መጓተትም ክልክል ነበር። መጓተት የለመደ ውሻ ወፉንም አጥብቆ ይነክሳል። ከአራት እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ጥርሱን ሲቀይር ደግሞ የማምጣት ልምምዱን ጋብ አደረግን፤ ድዱ እያመመው የያዘውን ነገር ይጠላዋል።

መጠበቅን የተማረው በምግብ ሰዓት ነው። ሳህኑን አስቀምጣለሁ፣ «ቁጭ» እለዋለሁ፣ ስሙን እስክጠራ አይነካም። እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ የረዳችኝ እማዬ ናት።

እማዬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ውሻ ቤት ውስጥ መኖሩ መጀመሪያ አልተዋጠላትም፤ አልፈርድባትም። እሷ ባደገችበት አገር ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። ጅብና ሌባ ይጠብቃል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ደጃፍ ካለፈ «ክላ!» ይባላል። ዛሬም ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ክፍል ቃኘው አይገባም፤ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ደፉ ላይ ይቆማል። ጎረቤታችን አጽድቶ የላከልንን ዳክዬ ያየች ቀን «አንተ ልጅ፣ ማን ባርኮ አረደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ በእኛ ቤት አይበላም፤ ዳክዬ ደግሞ ድሮም አንበላም። ከዚያ ወዲህ ወፎቹ ሁሉ ወደ ሽማግሌው ቤት ይሄዳሉ። እሱና ሚስቱ አንዱንም ሳይጥሉ ይበሉታል። ከዳክዬው ውጭ ግን እማዬና ውሻው ተግባብተዋል። ሳህኑን ስታስቀምጥ «ቆይ!» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ነው የምትናገረው። አትደግመውም፣ ድምፅዋንም አትጨምርም። ካልጠበቀ ሳህኑን ታነሳዋለች፣ በቃ። ቃኘው ከቤቱ ሰው ሁሉ አስበልጦ የሚሰማው እሷን ነው። ጎረቤቴ ይህን አይቶ «ከማውቃቸው አሰልጣኞች ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። አራት ጊዜ «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ» የተባለ ውሻ የሚማረው አራተኛውን መጠበቅ ነው።

ሜዳ ላይ መጠበቁ ከባድ ይሆናል። ለልምምድ የምንጠቀመው ባምፐር የሚባል የፕላስቲክ ወይም የሸራ ጥቅል ነው። ቃኘው በግራ ጎኔ ቁጭ ይላል። ባምፐሩ አየር ላይ ሲወጣ ጆሮዎቹ ከሥራቸው ይነሳሉ። የፊት እግሮቹ ሣሩን ይቧጥጣሉ። የጭኑ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ ሊወጣ ይልና መልሶ ይውጠዋል። እኔ ዝም እላለሁ። ባምፐሩ ይወድቃል። አሁንም ዝም። ከዚያ አንዳንዴ ስሙን እጠራና እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ብዙውን ጊዜ ግን «ቁጭ» ብየው እኔው ሄጄ አነሳዋለሁ። የወደቀው ሁሉ የእሱ እንዳልሆነ የሚገባው በዚህ ነው። ሳይላክ ከሄደ ደግሞ ማዶ ሆኖ ባምፐሩን የወረወረው ረዳት ቀድሞ ያነሳዋል። ውሻው ባዶ አፉን ይመለሳል። ቅጣት የለም፣ ቁጣም የለም። ያለ ፈቃድ መሮጥ ምንም እንደማያስገኝ ያየዋል።

ይህ ሁሉ ለሥነ ሥርዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠመንጃ በሚተኮስበት ቦታ ሳይላክ የሚዘል ውሻ አፈሙዝ ፊት ሊገባ ይችላል። ጀልባ ላይ ከሆነ ሰው ይገለብጣል።

ያመጣውን ይዞ መቆየት ሌላ ትምህርት ነው። ብዙ ውሻ ከውኃ እንደወጣ ወፉን መሬት ላይ ጥሎ ሰውነቱን ያራግፋል። ገና ሕይወት ያለው ዳክዬ ከሆነ ያን ጊዜ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አጭር ክብ እንጨት በአፉ አስይዘዋለሁ። «ያዝ።» ከንፈሩ በጥርሱ ሥር እንዳይቆነጠጥ በጣቴ አወጣለታለሁ። ሌላውን እጄን ከአገጩ ሥር አደርጋለሁ፤ አልጫነውም፣ ብቻ እዚያ አለ። ዓይኑ ወደ እኔ ይቀላውጣል። ምላሱ እንጨቱን ሊገፋ ይሞክራል፣ አገጩን በአንድ ጣት ነካ አደርገዋለሁ፣ ይተወዋል። ትንሽ ቆይቶ ይረጋል። «ስጥ» ስለው አፉን ይከፍታል። ከዚያ በእንጨቱ ቦታ ባምፐር፣ በባምፐሩ ቦታ የዳክዬ ክንፍ የታሰረበት ባምፐር፣ በመጨረሻ ወፍ።

እዚህ አገር ይህንኑ ጆሮ ቆንጥጠው የሚያስተምሩ አሉ። ውሻው ሲያመው አፉን ይከፍታል፣ ባምፐሩ ይገባል፣ ሕመሙ ይቆማል። ይሠራል፣ አልክድም። ታላላቅ ውሾች በዚህ መንገድ ሰልጥነዋል። እኔ ግን አላደረግሁትም፣ አላደርገውምም። ማምጣትን ወዶ የተወለደን እንስሳ ማምጣት በሕመም ሲያስተምሩት ማየት ይከብደኛል። በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሠራ የአንገት ማሰሪያ፣ ኮላርም አለ። ዌልስ በ2010 ከልክላዋለች፤ እዚህ ግን የተለመደ ነው። በአዋቂ እጅ ከሆነ የረባ መሣሪያ እንደሆነ ጎረቤቴ ይነግረኛል። እኔ ከረጅም ገመድና ከፊሽካ አልፌ አልሄድኩም። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ፊሽካው ቀላል ነው። አንድ ረጅም ማለት ቁጭ በል፣ እኔን እይ ማለት ነው። በርከት ያሉ አጫጭሮች ና ማለት ናቸው። የተኩስ ድምፅ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውሻ ተኩስ ከፈራ መመለሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ሩቅ፣ አንድ መቶ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቃኘው ባምፐር ለማንሳት እየሮጠ ሳለ በትንሽ ሽጉጥ ባዶ ጥይት ያሰማል። ውሻው ሐሳቡ ባምፐሩ ላይ ስለሆነ ልብ አይለውም። ቀስ በቀስ ይቀርባል፣ ድምፁም ይጨምራል። ቡችላ ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄዶ «ይፈራ እንደሆነ እንይ» ማለት ግን ውሻውን ማበላሸት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

ውሻ ሲወድቅ ያየውን ወፍ ማምጣት ይችላል። ያላየውን ግን በእኔ ዓይን ነው የሚያገኘው። ለዚህ ልምምድ ብርቱካናማ ባምፐር እጠቀማለሁ። ውሻ ሰማያዊና ቢጫ በደንብ ይለያል፤ ብርቱካናማ ግን ከሣሩ ጋር ይመሳሰልበታል። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ፣ እሱ አያየውም። በእኔ ማመን አለበት። እጄን ከጭንቅላቱ ጎን አድርጌ አቅጣጫ አሳየዋለሁ፣ «ወደ ኋላ!» ስለው ምንም ወዳላየበት ይሮጣል። ከመስመር ሲወጣ አንድ ረጅም ፊሽካ። ዞሮ ቁጭ ይልና ያየኛል። ቀኝ ክንዴን ስዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስዘረጋ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ሳነሳ ወደ ኋላ። ይህን ለመልመድ መጀመሪያ ባምፐሮቹን በሦስት ቦታ እንከምራለን፤ አንዱ በቀኙ፣ አንዱ በግራው፣ አንዱ ከኋላው። ብዙ ወር ይፈጃል፣ አሰልቺም ነው። ግን አንድ ቀን ውሻው ፊሽካ ሰምቶ ሲዞር ፊቱ ላይ ጥያቄ ታያላችሁ። «የት?» እያለ ነው።

ባለፈው መኸር፣ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ እየነፈሰ፣ ጎረቤቴ ሁለት ወፍ መታ። ቃኘው ያየው አንዱን ነበር፤ አመጣው። ሁለተኛው ወንድ ማላርድ ማዶ፣ ፊላው ጫፍ ላይ ወድቆ ጠልቋል። ውሻውን አቅጣጫ አስይዤ ላክሁት። ነፋሱ ወደ ቀኝ ገፋው። ፊሽካ። ውኃው ላይ እየዋኘ ዞረ፣ አየኝ። ግራ ክንዴን ዘረጋሁ፣ ተስተካከለ። ፊላው ጋ ሲደርስ ፊሽካዬን ከአፌ አወጣሁ። ነፋሱ ከፊላው ወደ እሱ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ዓይን አይጠቅምም። ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ወፉ ከወደቀበት ቦታ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደማልጠብቀው ወገን ገባ። ጎረቤቴ በሹክሹክታ «ተወው» አለኝ። ልተወው ነበር ሐሳቤም። ፊላው ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ውሻውን አናይም። ረጅም ሰዓት የቆየ መሰለኝ። ሲወጣ የማላርዱ አረንጓዴ ራስ በአፉ ጎን ቀና ብሎ ይታያል። ወፉ ሕይወት አለው፣ ላባው እንኳ አልተነጨም። ዳር ላይ ሳይጥለው፣ ሳይራገፍ፣ መጥቶ ፊቴ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ተቀብሎ ቶሎ አሳረፈው።

ለባለሙያ ያልሰጠሁት ለዚህ ነው። ዓይኑ በማይደርስበት እሱ እኔን ያምናል። አፍንጫዬ በማይደርስበት እኔ እሱን አምናለሁ። ይህ መተማመን በየቀኑ አብሮ በመዋል ነው የሚመጣው።

ለመጀመር ላሰበ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። ቡችላ ስትመርጡ የእናትና አባቱን የዳሌ፣ የክርንና የዓይን ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። አንድ ሌላም አለ። አንዳንድ ላብራዶሮች ደህና ሲሮጡ ቆይተው የኋላ እግራቸው ይከዳቸውና ይወድቃሉ። ከሙቀት ወይም ከስንፍና ይመስላል፤ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። መንስኤ የሆነውን የዘረ መል ለውጥ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2008 አሳውቀዋል። ዛሬ በቀላል ምርመራ ይታወቃል። ውኃን ደግሞ በሞቃት ቀን፣ አብራችሁ እየገባችሁ አስተዋውቁት፤ ወርውራችሁ አታስገቡት። ነሐሴ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ሐይቅ ስታዩ አታስጠጉት፤ ያ አልጌ ውሻ ይገድላል። ኅዳር ሲገባ ጃኬት አልብሱት። ስስ በረዶ ላይ ግን ወፉ የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን አትላኩት።

አሁን የምንዘጋጀው ለፈተና ነው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ከ1985 ጀምሮ የሚሰጠው የአደን ፈተና ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው፣ በጁኒየሩ፣ ውሻው እስኪላክ ኮላሩን መያዝ ይፈቀዳል። በሁለተኛው፣ በሲኒየሩ፣ አይፈቀድም፤ በራሱ መቆየት አለበት። በተጨማሪም ሌላ ውሻ ሲላክ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት። ከሁሉ የከበደን ይሄ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ውሻ ጋር እንለማመዳለን። ባምፐሩ የሚወረወረው ለእሷ ነው። እሷ ትሄዳለች፣ ታመጣለች፣ ትመሰገናለች፤ ቃኘው ቁጭ ብሎ ያያል። አንዳንዴ ከእሷ በኋላ ለእሱም አንድ ይወረወርለታል። አንዳንዴ ምንም ሳይወረወርለት ወደ መኪናው እንመለሳለን።